ኤድዋርድ ካልቪን ኬንዳል፦ ዕጢ የጀመረውን ኅብረ ሕዋስ ሲፈጽመው

መግቢያ

በሆርሞን ጥናት ታሪክ ውስጥ የአሜሪካዊው ኬሚስት የኤድዋርድ ካልቪን ኬንዳል ስም ከሁለት ግኝቶች ጋር ተያይዞ ይነሣል። አንደኛው ከታይሮይድ ዕጢ የተገኘው ታይሮክሲን፣ ሁለተኛው ከአድሬናል ዕጢ የተገኘው ኮርቲሶን ነው። ታይሮክሲን ከአሚኖ አሲድ የሚሠራ ሲሆን ኮርቲሶን ግን ከኮሌስትሮል የሚመነጭ ስቴሮይድ ነው፤ በኬሚካዊ ቅርጻቸው አንዳች ዝምድና የላቸውም። ሆኖም ከኬንዳል ሥራ በኋላ የተካሄዱ ጥናቶች ሁለቱ ንጥረ ነገሮች አንድ የጋራ ጠባይ እንዳላቸው አሳይተዋል። ሁለቱም ሙሉ ኃይላቸውን የሚያገኙት በጉበትና በሌሎች ኅብረ ሕዋሳት ውስጥ ከተለወጡ በኋላ ነው።

ዕጢን ጨምቆ ንጹሕ ክሪስታል ማውጣትን የዕድሜ ልክ ሥራቸው ያደረጉት ኬንዳል፣ ሁለቱንም ጊዜ በእጃቸው የገባው ገና አንድ እርምጃ የሚቀረው ንጥረ ነገር ነበር። ይህ የሥራቸውን ዋጋ አይቀንሰውም። ይልቁንም ሆርሞን የሚሠራው በዕጢ ውስጥ ብቻ ነው ወይስ ተቀባዩ ኅብረ ሕዋስም በሥራው ድርሻ አለው ለሚለው ጥያቄ የሕይወት ታሪካቸውን ጥሩ ማሳያ ያደርገዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድ፣ ትምህርትና የመጀመሪያ ሥራ

ኬንዳል ማርች 8 ቀን 1886 በኮነቲከት ግዛት በሳውዝ ኖርዎክ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጥርስ ሐኪም ነበሩ። በኒው ዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አጥንተው በ1908 የመጀመሪያ፣ በ1909 የሁለተኛ፣ በ1910 ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በዩኒቨርሲቲው ሳሉ ስታርችን በሚሰባብሩ ኢንዛይሞች ላይ ሠርተዋል። በዚህም ሥራ የኅብረ ሕዋስን ምርት እንደ ማንኛውም ኬሚካል መለካት እንደሚቻል ተምረዋል።

በ1910 ዲትሮይት በሚገኘው የፓርክ ዴቪስ የመድኃኒት ኩባንያ ተቀጠሩ። የተሰጣቸው ሥራ የታይሮይድ ዕጢን ዋና ንጥረ ነገር ለይቶ ማውጣት ነበር። በኩባንያው ጥቂት ወራት ብቻ ቆይተው ወደ ኒው ዮርክ ተመለሱና በቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል እስከ 1913 መጨረሻ ድረስ በዚያው ጥያቄ ላይ መሥራታቸውን ቀጠሉ። በ1914 መጀመሪያ ላይ በሚኒሶታ ግዛት በሮቼስተር ከተማ ወደሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ተዛወሩ። ሚኒሶታ በአፈሩ ውስጥ አዮዲን የሚያንስበት፣ እንቅርትም የበዛበት አካባቢ ነበርና ክሊኒኩ በታይሮይድ ቀዶ ሕክምና የታወቀ ነበር። የሳይንቲስቱ ጥያቄና የሐኪሞቹ ችግር በአንድ ቦታ ተገናኙ።

ታይሮክሲንና የቀመሩ ስሕተት

የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን እንደያዘ ጀርመናዊው ኬሚስት ባውማን በ1890ዎቹ አጋማሽ አሳይተው ነበር። ኬንዳል አዮዲንን እንደ መንገድ ምልክት ተጠቀሙበት። ዕጢውን በተለያዩ ኬሚካሎች እየሰባበሩ፣ በየደረጃው የአዮዲኑን መጠን እየለኩ፣ አዮዲን የበዛበትን ክፍል ብቻ እያስቀሩ ሄዱ። በዲሴምበር 1914 በአልኮል የተሟሟ ናሙና በማትነን ላይ ሳሉ እንቅልፍ አሸለባቸው። ሲነቁ አልኮሉ ተንኖ አልቆ፣ በዕቃው ላይ ነጭ ቅርፊት ቀርቶ ነበር። ያን ቅርፊት ተከታትለው በዲሴምበር 25 ቀን 1914 ንጹሕ ክሪስታል አገኙ። ንጥረ ነገሩም ኋላ ታይሮክሲን ተባለ። በቀጣዮቹ ዓመታት ከቄራ የተሰበሰበ ሦስት ቶን ያህል የዓሣማ ታይሮይድ 33 ግራም ታይሮክሲን ብቻ አስገኝቷል። ይህ አኃዝ የዘመኑ ሆርሞን ፈላጊዎች ምን ያህል ድካም ይጠብቃቸው እንደነበር ያሳያል።

ቀጥሎ የመጣው ግን ሽንፈት ነበር። ኬንዳል የታይሮክሲንን ኬሚካዊ ቀመር ለመወሰን ዓመታት ደክመው በሞለኪውሉ ውስጥ ሦስት የአዮዲን አቶሞች እንዳሉ አሳወቁ። በ1926 እንግሊዛዊው ቻርልስ ሃሪንግተን የአዮዲኑ አቶሞች አራት እንደሆኑና የሞለኪውሉም አጽም ኬንዳል ካሰቡት ፍጹም የተለየ መሆኑን አረጋገጡ። በ1927 ደግሞ ከጆርጅ ባርገር ጋር ታይሮክሲንን በቤተ ሙከራ ሠርተው አሳዩ። ክሪስታሉን ያገኙት ኬንዳል ቢሆኑም ምንነቱን ለዓለም የነገሩት ሌሎች ሆኑ። የ40 ዓመት ጎልማሳ ለነበሩት ተመራማሪ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሆኖም ከቤተ ሙከራቸው አልራቁም፤ ፊታቸውን ግሉታታዮን ወደተባለው የሕዋስ ንጥረ ነገር አዙረው በ1929 ክሪስታሉንና ቀመሩን በተመለከተ ትክክለኛ ውጤት አቀረቡ።

ወደ አድሬናል ዕጢ

አድሬናል ዕጢዎች በሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ የሚገኙ ትንንሽ አካላት ናቸው። ውስጠኛው ክፍላቸው አድሬናሊን ሲያመነጭ፣ ኮርቴክስ የሚባለው ውጫዊ ክፍል ያለ እርሱ ሕይወት የማይቀጥል ንጥረ ነገር እንደሚሰጥ ከጊዜ በኋላ ታወቀ። የኮርቴክሱ መጥፋት የአዲሰን በሽታን ያስከትላል። በዚያን ጊዜ የበሽታው ዋና መነሻ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስያን በዕጢው ላይ የሚያደርሱት ጥፋት ነበር። ሕመምተኛው ክብደቱ ይቀንሳል፣ ቆዳው ይጠቁራል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ በመጨረሻም አቅም አጥቶ ይሞታል። በ1930 ስዊንግልና ፊፍነር የተባሉ ተመራማሪዎች ከኮርቴክስ የተጨመቀ ፈሳሽ አድሬናል የወጣላቸውን ድመቶች በሕይወት እንደሚያቆይ አሳዩ። በዚያው ዘመን ሃንጋሪያዊው አልበርት ሴንት ጆርጂ ኋላ ቫይታሚን ሲ መሆኑ የታወቀውን ንጥረ ነገር ከአድሬናል ለማውጣት ወደ ኬንዳል ቤተ ሙከራ መጥተው ሠርተዋል። የሚኒሶታ ትልልቅ ቄራዎች ቅርብ ስለነበሩ የከብት ዕጢ እንደልብ ይገኝ ነበር።

ኬንዳል በዚህ መስክ ሲገቡ ብቻቸውን አልነበሩም። በስዊዘርላንድ ታዴዎስ ራይክሽታይን፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ዊንተርስታይነርና ፊፍነር በዚያው ሥራ ላይ ነበሩ። ኬንዳል ብዙ ጥሬ ዕቃ ለማግኘት ከመድኃኒት ኩባንያ ጋር ተስማሙ። ቤተ ሙከራቸው ከከብት ዕጢ አድሬናሊኑን ለይቶ ለኩባንያው ይሰጥ፣ ኮርቴክሱን ደግሞ ለራሱ ያስቀር ነበር።

በ1934 ንጹሕ ሆርሞን ተገኘ ተብሎ ከቤተ ሙከራው ቢነገርም ክሪስታሉ የብዙ ንጥረ ነገሮች ድብልቅ ሆኖ ተገኘ። ኬንዳልና ባልደረቦቻቸው ድብልቁን እየለዩ ለየንጥረ ነገሩ የፊደል ስም ሰጡ፤ ውሕድ ኤ፣ ውሕድ ቢ፣ ውሕድ ኢ፣ ውሕድ ኤፍ እየተባለ ቀጠለ። ራይክሽታይን ደግሞ በ1936 የእነዚህ ውሕዶች አጽም ስቴሮይድ መሆኑን አሳዩ። ዕጢው አንድ ሆርሞን ብቻ የሚያመነጭ ሳይሆን ተቀራራቢ ቅርጽ ያላቸው የብዙ ስቴሮይዶች መፍለቂያ መሆኑ ታወቀ።

ከብዙዎቹ ኃይል ያለው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ፈተና ያስፈልግ ነበር። ድዋይት ኢንግል የተባሉ ተመራማሪ አድሬናል የወጣላቸውን አይጦች ጡንቻ በኤሌክትሪክ እያነቃቁ፣ ክብደት የማንሣት ሥራውን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀጥል ይለኩ ነበር። ሆርሞን ያልተሰጠው አይጥ ጡንቻ ፈጥኖ ይደክማል። ውሕድ ኢ ሲሰጠው ግን በብርታት ይሠራል። ኬንዳል በውሕድ ኢ ላይ ያላቸው እምነት የተመሠረተው በዚህ ፈተና ላይ ነው። ነገር ግን ፈተናው የተካሄደው ጉበቱና ኩላሊቱ በሚሠሩ ሙሉ እንስሳ ላይ ነበር። የተሰጠው ውሕድና ጡንቻውን ያበረታው ውሕድ አንድ መሆን አለመሆኑን በዚህ መንገድ መለየት አይቻልም ነበር።

ከሐሞት እስከ ኮርቲሶን

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጀርመን አብራሪዎች የአድሬናል ተዋጽኦ እየወሰዱ ከተለመደው በላይ ከፍታ ይበራሉ የሚል ወሬ ተናፈሰ። ወሬው መሠረት ባይኖረውም የአሜሪካ መንግሥት ከ1941 ጀምሮ የኮርቴክስ ሆርሞኖችን ምርምር እንዲደግፍ አደረገው። ዕጢ ብቻ በቂ ምርት ስለማይሰጥ ከሌላ ጥሬ ዕቃ መነሣት ግድ ሆነ። የተመረጠው የከብት ሐሞት ነበር። የሐሞት አሲዶችን ጉበት የሚሠራቸው ከኮሌስትሮል ነውና አጽማቸው ከአድሬናል ስቴሮይዶች ጋር ይቀራረባል። ችግሩ በሞለኪውሉ 11ኛ የካርቦን ቦታ ላይ ኦክስጅን ማስገባት ነበር። የዕጢው ኢንዛይም በአንድ እርምጃ የሚፈጽመው ይህ ሥራ ለኬሚስቶቹ ዓመታት ፈጀባቸው።

መጀመሪያ በበቂ መጠን የተሠራው ውሕድ ኤ ነበር። በአዲሰን ሕመምተኞች ላይ ሲሞከር ግን ውጤቱ እጅግ አነስተኛ ሆነ። ብዙዎች ተስፋ ቆረጡ። ኬንዳል ግን ውሕድ ኢ ሳይሞከር ሥራው ሊቆም አይገባም በሚለው አቋማቸው ጸኑ። በ1944 መጨረሻ የመርክ ኩባንያ ባልደረባ የሆኑት ሉዊስ ሳሬት ከ30 በላይ ደረጃዎችን አልፈው ጥቂት ሚሊግራም ውሕድ ኢ ሠሩ። በ1948 የተገኘው መጠን በሕሙማን ላይ ለመሞከር የሚያስችል ደረጃ ደረሰ።

የማዮ ክሊኒክ የቁርጥማት ሐኪም ፊሊፕ ሄንች ከ1929 ጀምሮ አንድ እንግዳ ነገር ሲከታተሉ ቆይተዋል። ሩማቶይድ አርትራይተስ የያዛቸው ሰዎች የወፍ በሽታ ሲይዛቸው ወይም ሲያረግዙ የመገጣጠሚያ ሕመማቸው ለጊዜው ይተዋቸዋል። ሄንች በሰውነት ውስጥ ሕመሙን የሚያስታግስ አንድ ያልታወቀ ንጥረ ነገር መኖር አለበት ብለው አመኑ። በ1941 ከኬንዳል ጋር ተነጋግረው ውሕድ ኢ በተገኘ ጊዜ ሊሞክሩት ተስማሙ። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1948 መገጣጠሚያዎቿ ታስረው ከአልጋ ለመውረድ የተቸገረች የ29 ዓመት ሴት በቀን 100 ሚሊግራም ውሕድ ኢ በመርፌ መውሰድ ጀመረች። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕመሙ ቀለለላት፤ ሳምንት ሲሞላት በእግሯ ወጥታ ገበያ ዋለች።

ውጤቱ በአፕሪል 1949 ለክሊኒኩ ሐኪሞች ቀረበ፤ ውሕድ ኢም ኮርቲሶን የሚል ስም አገኘ። በ1950 ኬንዳል፣ ሄንችና ራይክሽታይን የሕክምና የኖቤል ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ። ታይሮክሲን በተገኘ ጊዜ ያልመጣው ክብር ከ36 ዓመታት በኋላ መጣ።

ደስታው ግን ያለ ሥጋት አልነበረም። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመሙ ይመለሳል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ፊት ያብጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ የደም ስኳር ይጨምራል። ጤናማ ሰውነት በቀን የሚያመነጨው የዚህ ዓይነት ሆርሞን ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ገደማ በመሆኑ የሕክምናው መጠን የተፈጥሮውን ብዙ እጥፍ ነበር። ከውጭ የመጣው ሆርሞን ሲበዛ የፒቱታሪ ዕጢ ለአድሬናል የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ አድሬናሉም ሥራ ፈትቶ ይከሳል። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀረችው አንዲት እርምጃ

ኮርቲሶን በዓለም በታወቀበት ሰሞን በማሳቹሴትስ ግዛት ኦስካር ሄክተርና ግሪጎሪ ፒንከስ ሌላ ዓይነት ሙከራ ያካሂዱ ነበር። የከብት አድሬናል ዕጢን ከሰውነቱ አውጥተው፣ ሕይወቱ ሳያልፍ ፈሳሽ እንዲዘዋወርበት አድርገው፣ በአንድ በኩል ጥሬ ዕቃ አስገብተው በሌላ በኩል የሚወጣውን መረመሩ። በብዛት የወጡት ውሕድ ኤፍና ውሕድ ቢ ነበሩ፤ ኮርቲሶን አልነበረም። ውሕድ ኤፍ ዛሬ ኮርቲሶል ወይም ሃይድሮኮርቲሶን ይባላል።

የዕጢው አሠራር ደረጃ በደረጃ ተገልጧል። ከፒቱታሪ ትእዛዝ ሲደርስ ኮሌስትሮል ወደ ማይቶኮንድሪያ ይገባል። በዚያም አንድ ኢንዛይም የጎን ሰንሰለቱን ቆርጦ 27 ካርቦን የነበረውን ሞለኪውል 21 ካርቦን ያለው ፕሬግኔኖሎን ያደርገዋል። ሌሎች ኢንዛይሞች በ17ኛውና በ21ኛው ካርቦን ላይ ኦክስጅን ይጨምራሉ። በመጨረሻ ሞለኪውሉ ወደ ማይቶኮንድሪያ ተመልሶ በ11ኛው ካርቦን ላይ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ሲጨመርለት ኮርቲሶል ይሆናል። የኮርቴክሱ ውጫዊ ንብርብር አልዶስትሮንን፣ መካከለኛው ኮርቲሶልን፣ ውስጠኛው ደግሞ የወንዴ ሆርሞን መነሻዎችን ያመነጫል። የአይጥ አድሬናል በ17ኛው ካርቦን ላይ የሚሠራው ኢንዛይም ስለሌለው ዋና ሆርሞኑ ኮርቲሶል ሳይሆን ኮርቲኮስትሮን፣ ማለትም ውሕድ ቢ ነው። በሰው ላይ ዋናው ሆርሞን ኮርቲሶል ነው።

ኮርቲሶንና ኮርቲሶል የሚለያዩት በሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች ብቻ ነው። ልዩነቱ ያለው በዚያው ኬሚስቶቹን ባስቸገረው በ11ኛው ካርቦን ላይ ነው። ይህች ትንሽ ልዩነት ግን ወሳኝ ናት። በሕዋስ ውስጥ ያለው የሆርሞን ተቀባይ ኮርቲሶልን ይይዛል፤ ኮርቲሶንን ግን እምብዛም አይቀበልም። ሐኪሞች ይህን ያስተዋሉት በመገጣጠሚያ ላይ ነው። በጡንቻ በመርፌ ሲሰጥ ወይም ሲዋጥ የሚያስደንቅ ውጤት ያለው ኮርቲሶን በቀጥታ ወደታመመው መገጣጠሚያ ሲገባ አልሠራም፤ በ1951 የተሞከረው ሃይድሮኮርቲሶን ግን ሠራ። በቆዳ ላይ ሲቀባም የታየው ያው ነው። በመጀመሪያው መንገድ መድኃኒቱ በደም ተጉዞ ጉበት ይደርሳል። በጉበት ያለው ኢንዛይም ሁለቱን ሃይድሮጅኖች ጨምሮ ኮርቲሶል ያደርገዋል። በ1948 ያችን ሴት ከአልጋ ያስነሣት በመርፌው ውስጥ የነበረው ኮርቲሶን እንደነበረ ሳይሆን ጉበቷ ከእርሱ የሠራው ኮርቲሶል ነበር።

ኩላሊት የዚህን ተቃራኒ ይሠራል። በደም ውስጥ ኮርቲሶል ከአልዶስትሮን እጅግ ይበዛል፤ የአልዶስትሮንን ተቀባይም መያዝ ይችላል። የኩላሊት ኢንዛይም ኮርቲሶሉን ወደ ኮርቲሶን ለውጦ ኃይሉን ባይነሣው ኖሮ ሰውነት ያለ ልክ ጨው ያጠራቅም ነበር። ሊኮሪስ የተባለውን ጣፋጭ ሥር አብዝተው በሚመገቡ ሰዎች ላይ የደም ግፊት የሚጨምረው ይህ ኢንዛይም ስለሚታገድ ነው። ሥራቸውን የጨረሱ ስቴሮይዶችን ጉበት የበለጠ ለውጦ፣ በውኃ ከሚሟሟ ንጥረ ነገር ጋር አጣምሮ በሽንት እንዲወገዱ ያደርጋል። ስለዚህ ስቴሮይድን ማብቃት፣ ማዳከምና ማስወገድ የኅብረ ሕዋሳት ድርሻ ነው።

የታይሮክሲንም ታሪክ ወደዚሁ አመራ። በ1952 ጃክ ግሮስና ሮዛሊንድ ፒት ሪቨርስ በለንደን ሦስት የአዮዲን አቶሞች ብቻ ያሉት፣ ከታይሮክሲንም የበረታ ሆርሞን አገኙ። በ1970 ደግሞ ታይሮይድ ዕጢ የሌላቸው ሰዎች የተሰጣቸውን ታይሮክሲን በኅብረ ሕዋሳቸው ውስጥ አንድ አዮዲን ቀንሰው ወደዚህ ሆርሞን እንደሚለውጡት ተረጋገጠ። ኬንዳል በዚህ ጊዜ በሕይወት ነበሩ።

የመጨረሻ ዓመታትና ማጠቃለያ

ኬንዳል በ1951 ከማዮ ክሊኒክ በጡረታ ተሰናብተው ወደ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በተጋባዥ ፕሮፌሰርነት ሄዱ። በዚያም የአድሬናል ዕጢን ኬሚስትሪ መመርመራቸውን አላቋረጡም። የሥራቸውን ታሪክ የሚተርክ ኮርቲሶን የተሰኘ መጽሐፍ በ1971 ታተመ። ሜይ 4 ቀን 1972 በኒው ጀርሲ ግዛት በ86 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከሕይወታቸው ሁለት ነገር ይገኛል። የመጀመሪያው ጽናት ነው። በታይሮክሲን ቀመር የተሳሳቱት፣ በ1934 ድብልቅን ንጹሕ ያሉት፣ በውሕድ ኤ ያፈሩት ሰው ለውሕድ ኢ ባይከራከሩ ኖሮ የአርትራይተስ ሕሙማን ዕረፍት በዘገየ ነበር። ሁለተኛው የምርምር ዘዴን ይመለከታል። በሙሉ እንስሳ ላይ የሚደረግ ፈተና መድኃኒት መሥራቱን ይናገራል፤ የሠራው ግን የተሰጠው ነገር ራሱ ይሁን ወይም ሰውነት ከእርሱ ያበጀው አይለይም። ለዚያ የተነጠለ ዕጢ፣ የተነጠለ ጉበት፣ የተነጠለ መገጣጠሚያ መመርመር ግድ ነው። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶን ይህንኑ ሥርዓት ተከትሎ የሚሠራ ነው፤ ጉበት ፕሬድኒሶሎን እስኪያደርገው ድረስ ኃይል የለውም። ጉበቱ ክፉኛ ለተጎዳ ሕመምተኛ ፕሬድኒሶሎን በቀጥታ እንዲሰጥ የሚመረጠውም ስለዚህ ነው። ኬንዳል ዕጢው ምን እንደሚሰጥ ሲጠይቁ ኖረው የማይናቅ መልስ አገኙ። ኅብረ ሕዋሱ በተሰጠው ነገር ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ግን የተነሣው በእርሳቸው መልስ ላይ ቆሞ ነው።